የጫት ቅጠልና የትንፋሽ መንገድ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አንኮበር ሲደርስ ደጋው በድንገት ያልቅበታል። እስከዚያ ድረስ ገብስና በግ የሚታይበት ብርዳም አገር የነበረው ምድር ከአንኮበር ግርጌ ጀምሮ እየተቦረቦረና እየተናደ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ከላይ ያለው ሰው ጋቢውን ደርቦ ሲኮማተር ከታች ያለው ነጠላውን ይጥላል፤ ከላይ ያለው ገበሬ ገብሱን ሲያጭድ ከታች ያለው የአርጎባ ገበሬ በእርከኑ ላይ ጫቱን ይቀነጥሳል። በሁለቱ መካከል የምትገኘው የአልዩ አምባ ገበያ የደጋውንና የቆላውን ሸቀጥ ስታገናኝ የኖረች ናት።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚያ ስለ ጫት ነው። ይሁን እንጂ ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ በየአደባባዩ የሚባለውን ለመድገም አስበን አይደለም። ብዕራችንን እንድናነሣ ያደረገን አንድ ሽማግሌ የሰጡት መልስ ነው።

በደብረ ብርሃን የሚኖር አንድ መምህር ወዳጅ አለን። አባቱ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አስም የሚያስቸግራቸው ሰው ናቸው። ሐኪም ያዘዘላቸውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ሕዝቡ ፓፍ የሚለውን ማለት ነው፣ ጥቂት ጊዜ ከተጠቀሙበት በኋላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡትና ከቆላ የሚመጣ ጫት መቃም ጀመሩ። ልጃቸው፣ «አባዬ፣ መድኃኒቱን ምነው ተዉት?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «መድኃኒቱን ስስበው ልቤ ይመታል፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። ጫቱንም ስቅም ልቤ ይመታል፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ አንድ ዘር ናቸው፤ አንደኛው በፋብሪካ ተሠራ፣ ሌላው በማሳ በቀለ እንጂ። ታዲያ የአገሬን ብይዝ ምን አለበት?» ሲሉ መለሱለት። ወዳጃችን የታሪክ እንጂ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር ስላልሆነ የሚመልሰው ቢያጣ ነገሩን ወደ እኛ አመጣው።

እኛም ብንመረምረው የሽማግሌው መልስ ከምንገምተው በላይ ብልህነት ያለበት ሆኖ አገኘነው። ቅጠሉና መድኃኒቱ በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን ዝምድና ሌላ፣ ግብር ሌላ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል፤ የመንገዱም መነሻ እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። ዘመናቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ስለ ጫት ከተጻፉት ቃሎች መካከል እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ የሚገኘው በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከ1314 እስከ 1344 የነገሡ ሲሆኑ የግዕዙ ዜና መዋዕል በይበልጥ የሚተርከው በ1332 ገደማ ከይፋቱ ገዥ ከሰብረ ዲን ጋር ያደረጉትን ጦርነት ነው። ጸሐፊው የሰብረ ዲንን ዛቻ ሲዘረዝር፣ አብያተ ክርስቲያናቱን መስጊድ እንደሚያደርግ፣ የክርስቲያኖቹንም ንጉሥ ወደ እስልምና እንደሚያገባ መፎከሩን ከተረከ በኋላ፣ በመናገሻው በመርዓዴ ጫት እተክላለሁ ማለቱን ይጨምራል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ እስላሞች ይህን ተክል ይወዱታልና ይላል። መርዓዴ በተጉለት ምድር እንደ ነበረች የሚገምቱ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። እንደነርሱ ከሆነ ዛቻው የተሰነዘረው ከዛሬው ደብረ ብርሃን እምብዛም በማይርቅ ሥፍራ ላይ ነው።

በጦርነት ዛቻ ውስጥ የአትክልት ነገር መግባቱ የሚያስገርም ነው። ሰው ጠላቱን ሲያስፈራራ ቤትህን አቃጥላለሁ፣ ከብትህን እነዳለሁ ይላል እንጂ በደጅህ ቅጠል እተክላለሁ አይልም። እንግዲህ በዚያ ዘመን ጫት ቅጠል ብቻ አልነበረም፤ የወገንና የሃይማኖት ምልክት፣ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ያለ ነገር ነበረ ማለት ነው። ዛቻው አልሠመረም፤ ሰብረ ዲን ድል ሆኖ ተማረከ። ነገር ግን ያ የወገን ምልክትነት ከዚያ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት ከቅጠሉ ጋር ተጣብቆ ቀረ። በደጋው ያለው ክርስቲያን «የእነርሱ ነው» ብሎ ራቀው፤ በቆላው ያለው እስላም «የእኛ ነው» ብሎ አቀረበው። በእኛ አስተያየት በዚህ ምክንያት አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ዘግይቷል፤ ይኸውም ቅጠሉ የማንም ይሁን የማን በሰው ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? የሚለው ነው።

ከሞላ ጎደል በዚያው ዘመን በካይሮ የነበረው ባለሥልጣንና ጸሐፊ አል ዑመሪ ግን ጥያቄውን በመጠኑ ነክቶታል። አል ዑመሪ በ1349 የሞተ ሰው ሲሆን ስለ ሐበሻ አገር የጻፈውን ያገኘው በካይሮ ከተቀመጡ የዘይላዕ ሰዎች ነው። ይፋትን ሲገልጽ በዚያ የሚበላ ቅጠል እንዳለ፣ ቅጠሉም አእምሮን እንደሚያነቃ፣ የምግብን፣ የእንቅልፍንና የሩካቤን ፍላጎት እንደሚቀንስ ይናገራል። አስከትሎም አንድ የሚያስቅ ወሬ ይጨምራል። አንድ ሐበሻ በየመን ንጉሥ ዘንድ ባለሟል ሆኖ ሳለ ስለዚህ ቅጠል ተጠይቆ የሚሠራውን ሥራ ቢያስረዳ፣ ንጉሡ የዚህ ዓለም ደስታ እነዚያው ሦስቱ ከሆኑ እነርሱን የሚነሣኝን ነገር ለምን እበላለሁ ብሎ እንቢ አለ ይባላል። የመን ዛሬ በጫት ምን ያህል እንደ ታወቀች ለሚያስብ ሰው ወሬው ይበልጥ ያስቃል።

ወሬውን ያመጣነው ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። ረኃብ መጥፋት፣ እንቅልፍ መራቅ፣ አእምሮ መንቃት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ የሚታዩት ሰው ሲደነግጥ ወይም ለጠብ ሲነሣ ነው። አውሬ ድንገት የገጠመው መንገደኛ አይርበውም፤ አይተኛም፤ ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹም ይከፈታል። አል ዑመሪ ሳያውቀው የመዘገበው ከ550 ዓመት ያህል በኋላ ሊቃውንት በአንዲት ዕጢ ውስጥ ያገኙትን ንጥረ ነገር ጠባይ ነበረ።

ወደዚያች ዕጢ ከመሄዳችን በፊት በአንኮበር ጥቂት እንቆይ። በ1841 ካፕቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ በአልዩ አምባ በኩል አቀበቱን ወጥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ ሲደርስ፣ ከጓዱ ጋር ዶክቶር ኪርክ የሚባል ሐኪም ነበረ። ንጉሡም ሕዝቡም የፈረንጅ መድኃኒት ለማግኘት ጉጉት ነበራቸው። ከበሽተኞቹ መካከል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ቢመጣ የዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪም ምን ነበረው? እውነቱን ለመናገር ከእኛ አገር መድኃኒት ዐዋቂ እምብዛም የሚበልጥ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ከ1802 ወዲህ ከሕንድ የተማሩት አንድ ዘዴ ነበራቸው፤ ይኸውም የዳቱራን ተክል አድርቆ ጢሱን መሳብ ነው። ዳቱራ ማለት በየአጥራችን ሥር የሚበቅለው አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ የሚባለው ነው። የበላውን ሰው እያስቀባጠረ የሚያስለፈልፍ መርዝ ስለሆነ ስሙን ያገኘው ከግብሩ ነው። ሁለተኛው መድኃኒታቸው ደግሞ ቡና ነበረ። ራሱም አስም የነበረበት እንግሊዛዊው ሐኪም ሃይድ ሶልተር በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ ወፍራም ቡና ለአስም እጅግ ጥሩ ነገር መሆኑን መስክሯል። ከዚህ ላይ እንደ ሽማግሌው «የአገሬን ብይዝ» ለማለት የሚቃጣው አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም።

አስተናግርና ጫት ግን ሥራቸው የተለያየ ነው። የሳምባን ቧንቧዎች የከበበ ለስላሳ ጡንቻ አለ፤ ይህ ጡንቻ ሲኮማተር ቧንቧው ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። እንዲኮማተር የሚያዝዘው ቫገስ የተባለው ነርቭ ሲሆን ትእዛዙን የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። አስተናግር ይህንን ትእዛዝ ደጅ ላይ ይከለክለዋል። ትእዛዝን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ «ላላ» ብሎ ተቃራኒውን ማዘዝ ግን ሌላ ነው። ይህን ተቃራኒ ትእዛዝ የሚሰጠው ነገር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ አልታወቀም ነበር።

በ1894 ጆርጅ ኦሊቨር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና ፕሮፌሰር ሼፈር ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠችው ትንሽ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ በእንስሳ ደም ውስጥ ሲገባ የደሙን ግፊት እጅግ ከፍ እንደሚያደርግ ገለጹ። በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊ ታካሚኔ በ1901 ይህንኑ ንጥረ ነገር አጥርቶ በክሪስታል መልክ ማግኘቱን አስታወቀ፤ ስሙም አድሬናሊን ተባለ። በ1903 ደግሞ ቡሎዋና ካፕላን የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ሐኪሞች አስም ለያዛቸው ሰዎች በመርፌ ሰጥተው ትንፋሻቸው እንደ ተከፈተላቸው ጻፉ። በዚያን ጊዜ ግን መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ በትክክል የተረዳ አልነበረም። የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የቧንቧውን እብጠት አጎደለ ብለው ያሰቡ ነበሩ።

ታዲያ አንድ ንጥረ ነገር የደም ሥርን ጡንቻ እያኮማተረ የሳምባን ቧንቧ ጡንቻ እንዴት ሊያላላ ይችላል? እዚህ ላይ የነገሩ ቁልፍ አለ። የካምብሪጁ ሊቅ ላንግሊ በ1905 መድኃኒት በጡንቻው ላይ የሚሠራው በጡንቻው ሴል ላይ የሚቀበለው አንድ ነገር ስላለ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ይህንንም «ተቀባይ ንጥረ ነገር» አለው። ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ይህን እንደ ምሳሌያዊ ንግግር ቈጠረው። በ1948 አሜሪካዊው ሬይመንድ አልክዊስት የአድሬናሊንን ዘመዶች ስድስቱን በተለያየ የአካል ክፍል ላይ ከሞከረ በኋላ ተቀባዮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ አንዱን አልፋ ሌላውን ቤታ እንበላቸው አለ። አልፋ በደም ሥር ላይ ሆኖ ያኮማትራል፤ ቤታ በልብ ላይ ሆኖ ያፈጥናል፣ በሳምባ ቧንቧ ላይ ሆኖ ያላላል። ጽሑፉን በመጀመሪያ የላከበት መጽሔት አልቀበልም ብሎ መልሶለት ነበርና በሌላ አሳተመው። በ1967 ላንድስና ባልደረቦቹ ቤታንም ለሁለት ከፈሉት፤ በልብ ላይ የሚበዛው ቤታ አንድ፣ በሳምባ ቧንቧ ላይ የሚገኘው ቤታ ሁለት ተባለ።

አንባቢ ይህን ነገር እንዲረዳልን የጥንቱን ግቢ ሥርዓት እናስታውስ። በአንኮበር ግቢ ጉዳይ ያለው ባለጉዳይ ሁሉ ዘሎ እልፍኝ አይገባም ነበር። መልእክቱን የሚቀበለው እልፍኝ አስከልካዩ ነው፤ እርሱም ለውስጠኛው አሽከር ይነግረዋል፤ አሽከሩም ወደ ውስጥ ያደርሰዋል። አድሬናሊንም እንዲሁ ወደ ጡንቻው ሴል ውስጥ አይገባም። ደጅ ላይ ካለው ከቤታ ሁለት ጋር ሲገናኝ ተቀባዩ ቅርጹን ይለውጣል፤ በሴሉ ውስጠኛ ገጽ ቆሞ የሚጠብቀው ጂ ፕሮቲን የተባለው መልእክቱን ይወስዳል፤ እርሱም አንድ ኤንዛይም ቀስቅሶ ሳይክሊክ ኤ ኤም ፒ የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል፤ ይህም በፈንታው ጡንቻውን የሚያኮማትረውን የካልሲየም መጠንና የካልሲየሙን ኃይል የሚቀንሱ ሥራዎችን ያስጀምራል። በመጨረሻው ጡንቻው ይላላል፤ አየር ያልፋል። የሳይክሊክ ኤ ኤም ፒን ነገር ያገኘው ሰዘርላንድ በ1971 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የሰው የቤታ ሁለት ተቀባይ ራሱ የ413 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት መሆኑ የታወቀው በ1987 ነው፤ የቅርጹ ዝርዝር በ2007 ታየ፤ በዚህም ሥራ ሌፍኮዊትዝና ኮቢልካ በ2012 ተሸለሙ። ላንግሊ በሐሳቡ ያየውን ነገር ሰው በዓይኑ ለማየት 100 ዓመት ያህል ፈጀ።

የተቀባዮቹ መለያየት የቃል ጨዋታ አለመሆኑን በሽተኞች በሕይወታቸው አይተውታል። በ1940 በጀርመን አገር የተገኘው አይሶፕሬናሊን ቤታዎቹን ሁሉ ሳይመርጥ የሚያንኳኳ መድኃኒት ነበረ፤ ትንፋሽን ይከፍታል፣ ልብንም ያስመታል። በ1960ዎቹ በእንግሊዝና በሌሎች ጥቂት አገሮች በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቍጥር በድንገት ከፍ ባለ ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ጣታቸውን የቀሰሩት ያለ ልክ በሚሳበው በዚህ መድኃኒት ላይ ነው፤ ክርክሩም ረጅም ነበረ። የሚመርጥ መድኃኒት ለማግኘት ይሠራ የነበረው የዴቪድ ጃክ ጓድ በ1968 ሳልቡታሞልን አስታወቀ፤ በተከታዩ ዓመት ቬንቶሊን ተብሎ ለገበያ ቀረበ። በወዳጃችን አባት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቅጠላችን እንመለስ። ጫትን በሳይንስ መዝገብ ያገባው ስዊድናዊው ፎርስኮል ነው። እርሱ በ1763 በየመን ሞተ፤ ጽሑፉን ከሞት የተረፈው የጕዞ ጓደኛው ኒቡር በ1775 አሳተመለት። የቅጠሉን ኃይል ምንጭ ፍለጋ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ1930 ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር ማንነቱ ታወቀ፤ ይኸውም ቻይናውያን ለሳልና ለትንፋሽ ከሚጠቀሙበት ተክል ጃፓናዊው ናጋይ በ1885 ያወጣው የኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ካቲን ብቻውን የትኩሱን ቅጠል ኃይል የሚያስረዳ አልሆነም። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የመድኃኒት ምርምር ክፍል ከትኩስ ቅጠል ካቲኖንን አገኘ። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ደካማው ወደ ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው ጫቱን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ሌሊት ከሌሊት የሚያስጋልበው፣ ገዥውም የትናንቱን የማይፈልገው ለዚህ ነው። ገበያው ከላቦራቶሪው ቀድሞ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ የሽማግሌው «አንድ ዘር ናቸው» ያሉት ቃል እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አድሬናሊን፣ ኤፌድሪን፣ ሳልቡታሞልና ካቲኖን መሠረታቸው አንድ ነው፤ ከአንድ የካርቦን ቀለበት የተቀጠለች አጭር ሰንሰለት፣ በጫፏም ናይትሮጂን። ነገር ግን አድሬናሊን በቀለበቱ ላይ ሁለት እጅ የሚመስሉ የኦክሲጅንና የሃይድሮጂን ጥንዶች አሉት፤ ቤታ ሁለትን አጥብቆ የሚይዘው በነዚህ ነው። ሳልቡታሞልም በዚያው ሥፍራ ተመሳሳይ እጆች ሲኖሩት በናይትሮጂኑ ላይ ደግሞ ወፍራም ጭነት ተጭኖበታል፤ የልቡን ደጅ ትቶ የሳምባውን እንዲመርጥ የሚረዳው ይህ ጭነት ነው። ካቲኖን እነዚያ እጆችም፣ ይህ ጭነትም የሉትም። ስለዚህ ደጁን ራሱ በሚገባ ሊያንኳኳ አይችልም።

ታዲያ ልብ የሚያስመታው እንዴት ነው? ካቲኖን የሚሠራው በሌላ እጅ ነው። ወደ ነርቮች ጫፍ ሄዶ በዚያ የተከማቸውን ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን ያስለቅቃል። ዶፓሚኑ በአንጎል ውስጥ ደስታና ንቃት ያመጣል፤ ኖርአድሬናሊኑም በልብና በደም ሥር ላይ የድንጋጤውን ሥራ ይሠራል። ሳምባውስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ ኖርአድሬናሊን በቤታ አንድና በአልፋ ላይ ብርቱ ሲሆን በቤታ ሁለት ላይ ደካማ ነው። ሁለተኛ፣ በሰው ሳምባ ቧንቧ ጡንቻ ላይ ኖርአድሬናሊን የሚያፈልቁ ነርቮች እጅግ ጥቂት ናቸው። የጡንቻው ቤታ ሁለት ተቀባዮች ብዙዎች ቢሆኑም መልእክት የሚጠብቁት ከዕጢዋ በደም ተጕዞ ከሚመጣው ከአድሬናሊን ነው። ስለዚህ ነርቭን ጨምቆ የሚሠራ ነገር በልብ ዘንድ ብዙ የሚጨመቅ ሲያገኝ በሳምባ ዘንድ ከሞላ ጎደል ባዶ ከረጢት ያገኛል። ኤፌድሪን በአስም መድኃኒትነት ለብዙ ዘመን ያገለገለው ከማስለቀቁ ሌላ በቀጥታም ቤታን በመጠኑ ስለሚነካ ነው፤ እርሱም ቢሆን ልብን ያን ያህል የማያስቸግር ሳልቡታሞል በመጣ ጊዜ ቦታውን ለቀቀ።

የእጅ መንቀጥቀጡም ቢሆን ምንጩ ልዩ ልዩ ነው። ሳልቡታሞል እጅን የሚያንቀጠቅጠው በክንድና በጣት ጡንቻም ላይ ቤታ ሁለት ስላለ ነው። ይህም መድኃኒቱ ትክክለኛውን ደጅ ማንኳኳቱን የሚያሳይ፣ ነገር ግን በሳምባ ብቻ አለመወሰኑን የሚመሰክር ምልክት ነው። የጫቱ መንቀጥቀጥ ግን ከነርቮችና ከአንጎል መነሣሣት የሚመጣ ነው። ሽማግሌው ሁለት ቤት ሲንኳኳ አንድ ድምፅ ሰሙና አንድ እንግዳ የመጣ መሰላቸው።

«ታዲያ ደረቴን ይከፍትልኛል ያሉት ሐሰት ነው?» ብሎ ወዳጃችን ጠየቀን። እንዲህ በቀላሉ ሐሰት ነው ለማለት አልደፈርንም። ጫት ለደረት በሽታ ይበጃል የሚለው እምነት በሽማግሌው አልተጀመረም፤ በእኛም አገር በየመንም የቆየ ነው። ቅጠሉ 501 በሽታ ይፈውሳል የሚሉም አሉ፤ ቍጥሩ የመጣው በዐረብኛ ስሙን ከሚጽፉት ፊደላት ሒሳብ ነው፤ ቃፍ 100፣ አሊፍ 1፣ ታ 400። በፊደል ቍጥር መፈወስ ቢቻል ኖሮ ሆስፒታል ባላስፈለገን ነበር፤ ነገር ግን የቆየ እምነት ስለ ቆየ ብቻ ሳይመረመር ሊጣል አይገባም። በ2008 በእንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ካቲኖንን ከባሕር ማዶ አይጥና ከሰው በተወሰደ የአየር ቧንቧ ጡንቻ ላይ ሞከሩት። ነርቭ በአሴቲልኮሊን አማካይነት የሚያመጣውን መኮማተር ካቲኖን ሊቀንስ እንደሚችል አገኙ። የሠራው ግን የሳልቡታሞል ደጅ በሆነው በቤታ ሁለት በኩል አልነበረም፤ አልፋ ሁለትና አንድ የሴሮቶኒን ተቀባይ የሚካፈሉበት ሌላ መንገድ ሆኖ ተገኘ። ይህም ማለት ሽማግሌው አንዳች እፎይታ ቢሰማቸው ውሸታም ልንላቸው አንችልም ማለት ነው።

ሆኖም በብርጭቆ ውስጥ የተንጠለጠለ ጡንቻ ሌላ፣ ሌሊት በአንኮበር ብርድ ትንፋሹ የታፈነ ሰው ሌላ ነው። ቅጠሉ እስኪታኘክና እስኪዋጥ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ የሚሳበው መድኃኒት ግን በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። ካቲኖኑ ምን ያህል እንደሆነ እንደ ማሳውና እንደ ገበያው ቀን ይለያያል፤ የመድኃኒቱ መጠን ግን በማይክሮግራም የተለካ ነው። የቃመ ሰው የደሙ ግፊትና የልቡ ምት ከፍ ይላል፤ ይህም ለአረጋዊ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉም ይልቅ እኛን ያሳሰበን የደስታው ነገር ነው፤ አእምሮው የነቃና ልቡ ደስ ያለው ሰው ቧንቧው ሳይሰፋ የሰፋ ሊመስለው ይችላልና።

ለሽማግሌው ጥቅም ስንል አንድ ነገር በእርሳቸው በኩል ቆመን መጨመር አለብን። ሳልቡታሞልም ቢሆን ጡንቻውን ያላላል እንጂ የአስም ሥር የሆነውን የቧንቧውን መቆጣት አያክምም። በዓለም የአስምን ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የሊቃውንት ጉባኤ ከ2019 ጀምሮ ለዐዋቂ በሽተኞች ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት እንዲቀር፣ ቁጣውን የሚያበርድ ኮርቲኮስቴሮይድ አብሮ እንዲሳብ መክሯል። ስለዚህ መድኃኒቱ ብዙ አልረዳኝም ብለው አማርረው ከሆነ፣ ማማረራቸው ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ ተመልሰው ይህን መናገር ይገባቸዋል ብለን ለልጃቸው ጻፍንለት።

ወዳጃችን የጻፍንለትን ለአባቱ አነበበላቸው። ስለ ዐፄ ዐምደ ጽዮንና ስለ ሰብረ ዲን የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙት፤ ስለ እልፍኝ አስከልካዩም ሲሰሙ ሳቁ፤ ስለ ካርቦን ቀለበት የተጻፈውን ግን እለፈው አሉ። በኋላም ወደ ሐኪም ቤት ሄደው ሁለተኛ የሚሳብ መድኃኒት ተጨምሮላቸዋል። ጫቱን ጨርሰው አልተዉትም፤ ሐኪሙ ስለ ልባቸው ከነገራቸው ወዲህ ቀንሰዋል ይላል ልጃቸው። ፓፉ ግን ከመደርደሪያው ወርዶ ማታ ማታ ከትራሳቸው አጠገብ ይቀመጣል።